ከየትኛው ግማሽ ነህ?

ለንደን ሆሎዌይ፣ ካውንስል የሚባለው ማዘጋጃ ቤት የሚያከራየው ሕንፃ ሊፍት ሲመጣ ያቃስታል። ዊጅዳን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስላደገች ማቃሰቱን ለምዳዋለች። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ያውም ፋርማሲስት ከሆነች በኋላ፣ ያንን ማቃሰት እንደ ሙሽራ መኪና ጥሩምባ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

እሁድ ከሰዓት ነበር። እናቷ እትዬ መስቱራ ወጥ ቤት ገብተው ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። አባቷ ጋሽ ሙሂዲን፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ኳስ ያያሉ። ለምን እንዲህ እንደተሰናዱ ከሦስቱም የሚናገር የለም። ሊፍቱ አቃሰተ። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። የሊፍቱ በር ተከፈተና የጎረቤት ውሻ እየጮኸ ወጣ።

"ብሉ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው" አሉ እትዬ መስቱራ።

"ያለፈውንም እሁድ የበላነው እኛው ነን" አሉ ጋሽ ሙሂዲን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊጅዳን የምትወደው ሰው አለ፤ ዛሂድ ይባላል። የካውንስል ፓርክ አትክልተኛ ነው፤ ረዥም፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ከአክስቱ ጋር ለንደን ገባ። አክስቱ ስትሞትበት ሃርልስደን የሚኖሩ ጃማይካውያን ባልና ሚስት አሳደጉት። አማርኛውም እዚያው ዕድሜው ላይ ቆሞ ቀረ። "ራበኝ" እና "ወላሂ እኔ አይደለሁም" ማለት አሳምሮ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል።

የተዋወቁት እጁን እሾህ ወግቶት እሷ የምትሠራበት ፋርማሲ መጥቶ ነው። በሳምንቱ ሌላ እሾህ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ "ጓንት የሚባል ነገር አለ እኮ" አለችው።

"ጓንት ካደረግሁ በምን ሰበብ እመጣለሁ?" አላት።

ከዚያ ወዲያማ ምን ይወራል! አንድ ሰው እየሳቀ ዓይኑ ሲጠፋ ማየት የዊጅዳን ሱስ ሆነ።

ዛሂድ ደግሞ አንድ አባዜ አለው። ድሮ፣ የአሜሪካን ሰፊ ሜዳ ሊያርሱ ስለሄዱ ሰፋሪዎች ያላነበበው የለም። ስለ እነሱ ሲያወራ ምግቡ ይቀዘቅዛል። መንግሥት መሬቱን እንዲሁ ይሰጣል፤ ሰውየው አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ ካሳየ የራሱ ይሆናል። ዛፍ በሌለበት አገር ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ነው ቤት የሠሩት። ዊጅዳን የሰማችውን ሁሉ ቤት ወስዳ ለእናቷ ታወራለች።

"እንጨት ከሌለ በምን ያበስላሉ?" ብለው ጠየቁ እትዬ መስቱራ አንድ ቀን።

"ኩበት ለቅመው።"

"ኩበት! ታዲያ ይሄ ወሎ ነው እንጂ ምኑ አሜሪካ ነው?"

"ጎተራ የሚሠሩት ደግሞ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ ነው።"

"ደቦ በያ!"

"አንድ ዓመት አንበጣ መጥቶ የዘሩትን በሙሉ በላባቸው። የልብስ ማስጫ ላይ ያለውን ልብስ እንኳን አልተወም።"

እትዬ መስቱራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዛሂድን ገና ሳያዩት የወደዱት ያን ቀን ነው። ጋሽ ሙሂዲን ግን ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ "ከነሱ በፊት መሬቱ የማን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ዊጅዳን ይህንንም ለዛሂድ አደረሰች። ዛሂድ አንገቱን ደፍቶ "የአገሩ ነባር ሰዎች ነበር። ተወሰደባቸው። አባትሽ ትክክለኛውን ነገር ነው የጠየቁት" አለ። ጋሽ ሙሂዲን መልሱን ሲሰሙ ጋዜጣውን አወረዱ።

አባዜው አባዜ ሆኖ በቀረ ነበር፣ ዲቪ ባይደርሰው። ትውልዱ ኢትዮጵያ ነውና ሞልቶ ደረሰው። ካንሳስ ውስጥ፣ ያ ሜዳ መሐል፣ ሰፋሪዎቹ የቆረቆሯት ሃስኬት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወጣቶቿ እየጣሏት ሄደው ትምህርት ቤቷ ሊዘጋ ደርሷል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ቤት ሠርቶ ለሚኖርባት ሰው ቦታ በነፃ ትሰጣለች። ዛሂድ አፕላይ አደረገ፤ ና አሉት። ሚስቱን ይዞ መሄድ ከፈለገ ግን ከኤምባሲው ኢንተርቪው በፊት መጋባት አለባቸው። ለመጋባት ደግሞ ለካውንስሉ ኖቲስ፣ የጋብቻ ማስታወቂያ፣ መስጠት ግድ ነው፤ ኖቲሱም ወር ይፈጃል። ያ እንዲደርስ ከተፈለገ የቀረው ይህ ሳምንት ብቻ ነው። አርብ ካለፈ ዛሂድ ብቻውን ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እሷን ለመውሰድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላህ ነው የሚያውቀው።

ለዚህ ነው ሽማግሌ የላከው። ዘመድ የለውምና ያሉትን ላከ፦ ያሳደጉትን ሚስተር ክላረንስን፣ አየርላንዳዊ አለቃውን ፓትሪክን፣ ለአስተርጓሚነት ደግሞ ጓደኛውን ሙባሽርን። ሙባሽር የተወለደው እዚሁ ለንደን ነው፤ አማርኛውን ያወቀው እናቱ ስትቆጣው ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጨርስ አይቀመጥም። እነሱ ገና "አሰላሙ አለይኩም" ሳይባባሉ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ፓትሪክ ሳምቡሳውን ሲያጋብስ እትዬ መስቱራ ተጨማሪ ጠበሱ። ጋሽ ሙሂዲን ከለንደን ሰው ሁሉ ጋር በእንግሊዝኛ ተጨቃጭቀው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ወግ ነውና ከአማርኛ ንቅንቅ አላሉም። ጉዳዩን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጉን ተናገሩ።

"ልጃችን ገና ልጅ ናት። ለጊዜው የምንሰጣት ልጅ የለችንም።"

አባትየው ይህን ያላሉበት የኢትዮጵያ ቤት የት አለ? መጀመሪያ እምቢ ይባላል፤ ሽማግሌ ይመለሳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ዊጅዳን ወጥ ቤት ሆና በሳቅ ልትፈነዳ ነበር። እንግዶቹ አመስግነው፣ ፓትሪክ የሳምቡሳውን አሠራር ጠይቆ፣ ሄዱ። እንደሄዱ ቀሩ። ዛሂድም ስልክ አልደወለም፣ መልእክት አልጻፈም። ዊጅዳን መደወል አቃታት። ሽማግሌ የተላከባት ሴት "ምነው ቀራችሁ?" ብላ ልትደውል? ኩራቷ ይዟት እሁዶቹ አለፉ።

"በስንተኛው ነበር አባቴ እሺ ያሉህ?" አሉ እትዬ መስቱራ ሳምቡሳውን እያስቀመጡ።

"በአራተኛው" አሉ ጋሽ ሙሂዲን። "ጫማዬ አልቆ ነበር።"

ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

"ያ ልጅ ራሱ ነው የነገረሽ አይደል? ከሰፋሪዎቹ ግማሹ አንድ ክረምት ሲመታው መሬቱን ጥሎ ተመለሰ ብሏል። በአንድ እምቢታ የቀረ ሰው ከየትኛው ግማሽ እንደሆነ አወቅን እንግዲህ።"

ዊጅዳን ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሳምቡሳውን ጎረሰች፤ እንደ ወረቀት ነበር፣ ግን አኝካ ዋጠችው።

*

ሰኞ ሙባሽር የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስድ ፋርማሲው መጣ። ሌላ ጊዜ "ሲስ" እያለ የሚቀልድ ልጅ ዛሬ መሬት መሬቱን ያያል።

"ደህና ነህ ሙባሽር?"

"ደህና።"

መድኃኒቱን ሰጠችው። ሊሄድ ዞረና መለስ አለ። "አንድ ነገር ልበልሽ? ኢት ዋዝንት ፌር። ልጁን ሰብራችሁታል። አይበላም። ቢያንስ አንቺ ራስሽ ብትነግሪው ምን ነበረበት?"

"እኔ ነኝ የሰበርኩት? የቀረው እሱ!"

"ኖ አላችሁን እኮ! አባትሽ አይሆንም አሉ። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።"

"እና?"

"እና ምን?"

ዊጅዳን አየችው። ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ሙባሽር ከልቡ ነው፤ ምንም አያውቅም። ሦስቱም አያውቁም። እሷም እስከ ዛሬ ያንን አለማሰቧ! አንድ ጃማይካዊ፣ አንድ አየርላንዳዊና አንድ የለንደን ልጅ ወጉን ከየት ያውቁታል? በደም ሥር የሚተላለፍ መስሏት ኖሯል?

"ሙባሽር፣ እናትህን ጠይቃት። መጀመሪያ ሁልጊዜ እምቢ ነው የሚባለው። ከዚያ ሽማግሌ ተመልሶ ይመጣል።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ!"

"ታዲያ... ለምንድን ነው መጀመሪያውኑ እሺ የማይሉት?"

"ልጃቸው እንዳትረክስባቸው ነዋ!"

ሙባሽር መድኃኒቱን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ያ አላህ። እኔ እኮ ነኝ ለዛሂድ 'ፋይናል ነው፣ ሙቭ ኦን አድርግ' ያልኩት።"

ዊጅዳን ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ ተራ የያዙ አንዲት አሮጊት ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጧት። "የት ነው ያለው?" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"አሎትመንቱ ላይ፣ አትክልት ቦታው። ለሌላ ሰው ሊያስረክበው ነው፤ ዛሬ እየነቀለ ነው።"

እየነቀለ! ልቧ ከቦታው የተነቀለ መሰላት።

*

ከአፐር ሆሎዌይ ባቡር ይዛ፣ ጎስፐል ኦክ ላይ ቀይራ፣ ዊልስደን ጃንክሽን ወረደች። ዛሂድ ሃርልስደን ጫፍ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጥር ሥር፣ ካውንስሉ ያከራየው ጠባብ የአትክልት ቦታ አለው። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። በጭቃው ላይ በሥራ ጫማዋ እየተንሸራተተች ደረሰች። ዛሂድ ጎንበስ ብሎ የባቄላውን እንጨቶች እየነቀለ ይደረድራል። ቀና ሲል አያትና እንጨቱ ከእጁ ወደቀ።

ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። የሚጠፋው ዓይኑ ዛሬ ፊቱ ላይ ትልቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ዊጅዳን ስድቧን ሁሉ ባቡሩ ላይ አሰናድታ ነበር፤ ስታየው ግማሹ ጠፋት።

"አንዴ እምቢ ብትባል ቀረህ" አለችው።

"እምቢ ያለን ሰው በር ደጋግሞ መምታት ማስገደድ ነው" አለ ዛሂድ። "እኔ ያደግሁት እንደዚያ ነው። አይሆንም ማለት አይሆንም ማለት ነው። አባትሽን አከብራለሁ። አንቺንም።"

"ማክበርህ ነው ስልክ ያለመደወልህ?"

"'ልጅ የለችንም' አሉ። አንቺ እዚያው ወጥ ቤት ነበርሽ። ዝም አልሽ።" ድምፁ ወረደ። "ዝም ስትይ፣ መልሱ ያንቺም ነው ብዬ አሰብኩ።"

ወይ ጉድ! ለካ ጨዋነቷ ነው ጉድ የሠራት። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅ ወጥ ቤት ሆና ዝም ማለቷ ለእሷ ጨዋነት ነው፤ ለእሱ ደግሞ የተዘጋ በር። ዊጅዳን ወጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳችው። አባቷ አራት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ ሳምቡሳው እሁድ እሁድ እንደሚጠበስ፣ ሸሚዙ እንደሚተኮስ ነገረችው። ዛሂድ እየሰማ ቀስ ብሎ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

"እየጠበቃችሁ ነበር?" አለ።

"በየእሁዱ።"

እጆቹን ፊቱ ላይ ጫነ። ጭቃው ጉንጩ ላይ ቀረ። "ዊጅዳን፣ እቀራለሁ። ዲቪውን እተወዋለሁ። አባትሽ የፈሩት ሜዳውን ከሆነ፣ ሜዳው ይቅር። ፓርኩ ይበቃኛል።"

ሌላዋ ብትሆን ደስ ይላት ነበር። ዊጅዳን ግን ንድድ አላት።

"ስማኝ! ለእኔ ብለህ ከቀረህ፣ በየዓመቱ ክረምት በመጣ ቁጥር በመስኮት እያየህ ትተክዛለህ፤ እኔም ትካዜህን ሳይ እኖራለሁ። ይሄንን ነው የምትሰጠኝ?"

"ታዲያ ምን ልስጥሽ?"

"ምንም አትስጠኝ። ስለነዚያ ባልና ሚስት ንገረኝ። ያኔ የነገርከኝን።"

ዛሂድ ግራ ገባው፤ ከዚያ ትዝ አለውና ፊቱ ትንሽ ፈካ። ከሰፋሪዎቹ ሴቶችም፣ ባል ካላገቡ፣ በራሳቸው ስም መሬት ማግኘት ይችሉ ነበር። እናም የተፋቀሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይወስዱና ቤቱን ልክ ድንበሩ ላይ ይሠሩታል። ግማሹ ቤት በእሱ መሬት፣ ግማሹ በእሷ። ሁለቱም በየመሬታቸው ኖሩ ይባላል፤ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

"እኔም የራሴን ቦታ እጠይቃለሁ፣ በስሜ" አለች ዊጅዳን። "የፋርማሲ ፈተናውን እዚያ እንደገና እቀመጣለሁ፤ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ፈተና ነው። አንተ ወስደኸኝ አይደለም የምሄደው። ከሄድኩ፣ እኔ ሄጄ ነው። ቤቱን ድንበሩ ላይ ትሠራዋለህ።"

"ብንጣላስ?"

"ምድጃው በእኔ በኩል ነው። ሲርብህ ትመጣለህ።"

ዛሂድ ሳቀ። ዓይኑ ጠፋ። ዊጅዳን ያንን ሳቅ ምን ያህል እንደናፈቀች ያኔ አወቀች።

"ሽማግሌዎችህን ረቡዕ መልስ" አለችው። "አይቀመጡ። አይብሉ። ፓትሪክን በተለይ ንገረው።"

"የሚስተር ክላረንስ ጉልበት ያማቸዋል እኮ።"

"ይቁሙ። ለልጃቸው ነው።"

ስትሄድ ዞር ብላ አየችው። ዛሂድ የነቀላቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ መልሶ እየተከለ ነበር። ለማን እንደሚተክላቸው እሱም ያወቀ አይመስልም።

*

ረቡዕ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ሊፍቱ አቃሰተ። እትዬ መስቱራ ልጃቸውን ወጥ ቤት አስገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ። ደወሉ ተደወለ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ሙባሽር በእናቱ ስልጠና የተሸመደደውን "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። ሚስተር ክላረንስ ነጭ ጢማቸውን አበጥረው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፓትሪክ ሳምቡሳውን ላለማየት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቷል።

ጋሽ ሙሂዲን ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩ። ሲናገሩ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ዊጅዳን ወጥ ቤት ሆና ደነገጠች። አባቷ ወጉን ጥለውታል ማለት ነው።

"ሚስተር ክላረንስ፣ ያን ቀን የነገርኳችሁ ወግ ነው። ዛሬ የምናገረው የልቤን ነው። እኔ አገሬን ጥዬ፣ በሱዳን በረሃ አልፌ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሜዳ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ልጄ ብትታመም በዚያ ምድር ማን ይደርስላታል? ከሰፋሪዎቹ ግማሹ ችሎ ቀረ፤ ግማሹ ጥሎ ተመለሰ። የእርስዎ ልጅ ከየትኛው ግማሽ ነው? አንዴ እምቢ ብለው ቀረብኝ እኮ!"

ዊጅዳን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዘች። ይህኛው እምቢታ የእውነት ነው።

ሚስተር ክላረንስ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ዛሂድ ስምንት ዓመቱ ሆኖ ነው እኛ ቤት የገባው" አሉ። "ከእኛ በፊት ሁለት አሳዳጊ ቤት ሞክሮ ሁለቱም መልሰውታል። ስለዚህ እኛም ጋ ሲተኛ ጫማውን አያወልቅም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ በየምሽቱ 'አውልቅ ልጄ' ትለዋለች፤ እሱ 'ስትመልሱኝ እንዳልቸገር ነው' ይላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ኖረ። አንድ ቀን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ጥሎን የሄደበት ቀን የለም፤ እሷ ስትታመምም አስታማሚዋ እሱ ነበር።" ቆም አሉ። "ይህ ልጅ ጥሎ መሄድ አይችልበትም ጌታዬ። አይሆንም ሲሉት ግን ያምናል። ቶሎ ነው የሚያምነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።"

እትዬ መስቱራ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሙሂዲን ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚታየው።

"ሰምቻለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ ወደ አማርኛ ተመልሰው። ድምፃቸው ሸካራ ነበር። "እናስብበት። ሂዱና ተመለሱ።"

ሙባሽር ተረጎመ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ዊጅዳን ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሂዱና ተመለሱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወግ ነው። አሁን ግን አርብ ከነገ ወዲያ ነው፤ ሚስተር ክላረንስ ከሃርልስደን ሆሎዌይ በዚያ ጉልበታቸው የሚመላለሱት መቼ ነው? በእጇ አፏን አፍና የሊፍቱን ማቃሰት ጠበቀች። ሊፍቱ ሲወርድ ሁሉ ነገር አብሮ ይወርዳል።

ሊፍቱ አላቃሰተም።

ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ደወሉ ተደወለ።

ጋሽ ሙሂዲን ከፈቱ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ሙባሽር ላብ በላብ ሆኖ፣ ፊቱ ግን እንደ ቃዲ ኮስተር ብሎ፣ "አሰላሙ አለይኩም" አለ። "ሽማግሌ ነን። ተመልሰን መጣን።"

"አሁን እኮ ነው የወጣችሁት!"

"አዎ። ሄድን፣ ተመለስን። እናቴ የሚባለውን አስተማረችኝ፤ በመሐሉ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ግን አልነገረችኝም።"

እትዬ መስቱራ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጋሽ ሙሂዲን ለመቆጣት ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ያኔ ነው ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ዛሂድን ያዩት። ምድር ቤት ቁም የተባለ ሰው ስድስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥቶ መጥቷል። ሽማግሌ ባለበት ሙሽራ አይመጣም፤ ይህንንም ማን ነገረው?

"አንተ" አሉት ጋሽ ሙሂዲን። "ከየትኛው ግማሽ ነህ?"

ዛሂድ ትንፋሹ ተቆራርጧል። አማርኛውን ፈለገ፤ ያገኘው የስምንት ዓመት ልጅ አማርኛ ነበር።

"አላውቅም አባባ። ክረምቱን ገና አላየሁትም። ውሸት አልነግርዎትም።"

ዊጅዳን ከዚያ በላይ ወጥ ቤት መቆየት አልቻለችም። ወጉ ምን ይላል፣ ጎረቤት ምን ይላል፣ ሁሉም ቀርቶባት ወጣች። አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ሁልጊዜ ስለ እሱ ነው የምትጠይቀው። እኔስ? አንተ ያሳደግኸኝ እኔ ከየትኛው ግማሽ ነኝ?"

ጋሽ ሙሂዲን ልጃቸውን አዩ። ትንሽ ሆና በዚያ በረሃ ጀርባቸው ላይ አዝለዋት ነበር፤ ውኃ አልቆባቸው "ተመለሱ" የሚል ሰው ሲበዛ፣ ከሰልፉ ሁሉ አንዴም ያላለቀሰችው እሷ ናት። ይህንን ሠርግ ቤት ሁሉ ሲያወሩት ሰምታዋለች። አሁን ግን አላወሩትም።

"አንቺማ..." አሉ። እጃቸውን አንስተው የልጃቸውን ራስ፣ ልክ እንደ ሕፃንነቷ፣ ዳበሱት።

ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ፈቀቅ አሉ።

"ተቀመጡ" አሉ ለሽማግሌዎቹ።

ሚስተር ክላረንስ አልተነቃነቁም። በታመመው ጉልበታቸው እንደቆሙ ወደ ሙባሽር አዘነበሉ። "ምን አሉ? እሺ አሉ ወይስ አላሉም?"

ሙባሽር ለመተርጎም አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። "ይቀመጡ" አላቸው ወንበር እየሳበ። "በቃ፣ ይቀመጡ።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፓትሪክ ማንንም ሳይጠይቅ ሳምቡሳ አነሣ። ዛሂድ ገና ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ እግሩን ያንቀሳቅስ እንደሆነ አያውቅም። ጋሽ ሙሂዲን አዩት፤ ከዚያ ከፓርኩ ጭቃ ይዞ የመጣውን ጫማውን አዩ።

"ጫማህን አውልቅና ግባ" አሉት።